በቈላ ደጃፍ ሣር ስለ መዝራት

በሀገራችን ልማድ ሣር ለቤት እንግዳ አይደለም። በዓል በሆነ ጊዜ ወለሉ ይጐዘጐዝበታል፤ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር ይነጠፋል፤ በቀዳም ስዑር ካህናቱ ለምእመናን የሚያድሉት ቄጠማ ርግብ ለኖኅ የውሃውን መጕደል ያበሠረችበትን ቅጠል የሚያሳስብ ነው፤ በጎጃም ደግሞ ለዘመን መለወጫ ልጆች እንግጫ ይነቅላሉ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ከመስክ ታጭዶ፥ ከወንዝ ዳር ተነቅሎ የሚመጣ ነው እንጂ በደጃችን ዘርተን የምናሳድገው አይደለም። ሣር ዘርቶ እንደ ሕፃን መጠበቅ ለብዙዎቻችን የሥራ ፈት ነገር ይመስላል። እኛም ወደ አብደራፊ ከመውረዳችን በፊት እንዲሁ ይመስለን ነበር።

አብደራፊ በምዕራብ ጎንደር ዞን በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። አገሩ ቈላ ነው፤ አንገረብና ጓንግ የተባሉት ወንዞች በዚሁ ቈላ አልፈው ወደ ሱዳን ይወርዳሉ። ሰሊጡ፥ ጥጡና ማሽላው በብዙ ሺሕ የሚቈጠር የቀን ሠራተኛ ከደጋው እየጠራ ያወርዳል። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጫማን ይዞ አይለቅም። በበጋ ግን ደርቆ ይኰማተራል፤ ይሰነጠቅማል፤ ንቃቃቱም እጅ የሚያስገባ፥ አንዳንዱ እስከ አንድ ሜትር ወደ ታች የሚዘልቅ ይሆናል። ቤታችንን በያዝንበት በመጀመሪያው በጋ ታናሹ ልጃችን በግቢው ውስጥ ሲሮጥ እግሩ ከንቃቃት ገብቶ ቍርጭምጭሚቱ ዞረ። በዚያው ዓመት ደግሞ በአጥሩ ሥር ካደገው ረጅም ሣር ውስጥ እባብ ተገኘ፤ ጐረቤት ተጠርቶ በዱላ ገደለው። እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ ባዶው መሬት አንድ መከራ፥ ያልታጨደው ሣር ሌላ መከራ ሆነብን። አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፥ መሬቱን የሸፈነ ሣር ለሁለቱም እንደሚበጅ ያሰብነው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ንቃቃቱ ሌላም የሚነገር አለ። ካላዛር የሚባለው በሽታ በዚህ ቈላ ብዙ ሰው ጐድቷል፤ ይልቁንም ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱትን ወጣቶች። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር በአውሮጳውያን አቈጣጠር ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በአብደራፊ የዚህን በሽታ ሕሙማን ያከመው ስለዚህ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን ቀን በዋልካ ንቃቃትና በዛፍ ሥር እንደምትጠለል፥ ሌሊት ወጥታ እንደምትነድፍ ነገሩን ያጠኑ ሰዎች ይናገራሉ። እኛ ሣር መዝራት ካላዛርን ይከለክላል አንልም። ያለ አጎበር በሜዳ የሚያድር ሰው በለመለመ ሣር ላይ ቢተኛም ከዝንቢቱ አያመልጥም፤ ከሁለት ሳምንት የሚበልጥ ትኩሳት፥ ክሳትና የጣፊያ ዕብጠት የታየበትም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል፤ ሕክምና ያላገኘ ካላዛር ይገድላልና። ይህን ማንሣታችን ሣሩን ከልክ በላይ አመስግነን አንባቢን እንዳናታልል ነው።

የመጀመሪያው ሙከራችን ከንቱ ቀረ። ከትልቅ ከተማ አንድ ዘመድ ዘር ገዝቶ ላከልን፤ በማሸጊያው ላይ የሚያምር የውጭ አገር ግቢ ተሥሎበታል። ሐምሌ ውስጥ ዘራነው። በሳምንቱ በቀለ፤ ልጆቹ እልል አሉ። ግማሹን የነሐሴ ጐርፍ ወደ አጥሩ ጥግ ጠርጎ ወሰደው፤ የተረፈው እስከ መስከረም መጨረሻ አማረ፤ ጥቅምት ገብቶ ፀሐዩ ሲበረታ ግን ከጫፉ እየነደደ ሄዶ የኅዳርን መጨረሻ ሳያይ ዐመድ መሰለ። ሻጩን ለመውቀስ ቸኵለን ነበር፤ ኋላ የማሸጊያውን ጽሑፍ ቀረብ አድርገን ብናነብ የብርድ አገር ሣር መሆኑ ተጽፎበት ኖሯል። ጥፋቱ የእኛው ነው፤ ሥዕሉን አይተን ጽሑፉን አላየንም።

የግቢ ሣር በሁለት ወገን የሚከፈል መሆኑን ከዚህ በኋላ ተማርን። አንደኛው ወገን ከ15 እስከ 24 ዲግሪ በሆነ ሙቀት የሚስማማው ነው፤ ሁለተኛው ከ27 እስከ 35 ዲግሪ ካልሞቀው ደስ የማይለው ነው። የመጀመሪያውን ወገን ወደ አብደራፊ ማምጣት የደጋ በግ አምጥቶ በመጋቢት ፀሐይ እንደ ማሰር ይቈጠራል። በአዲስ አበባና በሌላውም ደጋ በብዙ ግቢ የሚታየው ኪኩዩ የተባለው ሣርም ለዚህ አይሆንም። እርሱ ስሙን ያገኘው በኬንያ ከሚኖረው ሕዝብ ነው፤ ትውልዱ ግን የእኛን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነውና ቈላውን አይወድም።

ለቈላ የሚሆነው ሁላችንም የምናውቀው ሰርዶ ነው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የተባለለት ሰርዶ ነው፤ አህያይቱ የተመኘችው ግን የማይሆን ነገር ነው፤ ሰርዶ በማንም ሞት አይቀርምና። በምድር ላይ በሐረጉ ይሄዳል፤ ከምድር በታችም በሥሩ ይሄዳል፤ ሙቀትን፥ ድርቅንና መረገጥን ይችላል። የማይችለው ጥላን ነው፤ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። አሜሪካኖች ቤርሙዳ ሣር ብለው በደሴት ስም ይጠሩታል፤ በጆርጂያ ግዛት ግሌን በርተን የተባለው የሣር ሊቅ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ለሕዝብ ያበረከተው ቲፍዌይ የተባለው ዝርያም የሰርዶና የደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ድቅል ነው። በብዙ አገር የኳስና የጎልፍ ሜዳ የተነጠፈው ይኸው ነው። እኛ ታዲያ በአህያ መኖነቱ ንቀነው ከባሕር ማዶ ሥዕል ያለበት ማሸጊያ ስናስመጣ ኖርን።

ሆኖም ገበሬው ሰርዶን የሚጠላበት ምክንያት አለው። ከሰሊጥ ማሳ የገባ እንደሆነ ቢያርሱት እየተቈራረጠ ከእያንዳንዱ ቍራጭ ይበቅላል። ስለዚህ ግቢያችሁ ከእርሻ ጋር የሚዋሰን ከሆነ በዳርቻው አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ ቈፍሩ፤ ሐረጉ ቦዩን ሊሻገር በተንጠራራ ቍጥርም ቍረጡት። ይህን የማያደርግ ሰው ሣር ባይዘራ ይሻላል፤ የጐረቤቱን እንጀራ ያጠፋልና።

በሁለተኛው ዓመት ሥራውን በግንቦት ጀመርን። ቦታውን አሳነስነው፤ ርዝመቱ 8 ሜትር፥ ወርዱ 5 ሜትር፥ በጠቅላላው 40 ካሬ ሜትር። ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ያለውን መሬት ተውነው፤ አሁን የቡና መፍሊያችን ሆኗል። የቀረውን በዶማ አንድ ስንዝር ያህል ቈፈርን፤ ጓሉን አደቀቅን፤ ድንጋዩንና የአረሙን ሥር ለቀምን። ጐረቤቶቻችን ከወንዝ አሸዋ አምጥታችሁ ደባልቁበት አሉን፤ ምክሩ በየቦታው ይሰማል፤ ግን ጥቂት አሸዋ ከብዙ ዋልካ ጋር ሲደባለቅ ደርቆ እንደ ጡብ ይጠነክራል እንጂ አይለዝብም። ዋልካን የሚያለዝበው በደንብ የበሰበሰ ፍግ ነው። እኛ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አልብሰን ከአፈሩ ጋር አዋሐድነው፤ ለ40 ካሬ ሜትር ከአንድ ሜትር ኩብ ጥቂት የሚበልጥ ይፈጃል። ፍጉ ያልበሰበሰ ከሆነ ግን ሣር ዘርታችሁ ማሽላ ታበቅላላችሁ፤ በአንድ ጥግ እንዲህ ሆኖብናል።

ከሁሉ የሚበልጠው የውሃው መውረጃ ነው። በዋልካ ላይ የተኛ ውሃ ሥሩን ያፍነዋል፥ የወባ ትንኝም ያራባል። ስለዚህ መሬቱ ከቤቱ እየራቀ ሲሄድ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲያዘቀዝቅ ማድረግ፥ በዙሪያውም ጐርፉን የሚቀበል ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል። የእርሻ ሊቃውንት በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ለኢትዮጵያ ዋልካ ማሳ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ በበሬ የሚጐተት መሣሪያ ሲያዘጋጁ ያሰቡት ይህንኑ ነበር፤ የገበሬው ችግርና የግቢው ችግር አንድ ነው።

ዘሩን የዘራነው የሰኔ ሚካኤል በዋለ በሦስተኛው ቀን፥ ማለት ሰኔ 15 ቀን ነው። ዝናቡ ተጀምሯል፤ የሐምሌና የነሐሴ ጐርፍ ግን ገና አልበረታም፤ ቡቃያው ሥር ሰድዶ ጐርፉን ይጠብቀዋል ብለን ነው። የሰርዶ ዘር እጅግ ደቃቅ ነው፤ በአንድ ኪሎ ውስጥ ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጥ ፍሬ አለ። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 10 ግራም ይበቃል፤ እኛ በ8 ግራም ሒሳብ 320 ግራም ዘራን። ይህን ያህል ደቃቅ ነገር በእጅ ብቻ ቢበትኑት በአንድ ቦታ ይከመራል፤ በሌላው ይሳሳል። ስለዚህ ከአራት እጥፍ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለን ለሁለት ከፈልነው፤ ግማሹን በርዝመቱ፥ ግማሹን በወርዱ እየሄድን በተንነው። ከዚያም በቅጠል መጥረጊያ እንደ ዋዛ ዳበስነው፤ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ የተቀበረ ሰርዶ አይወጣም። ከላዩ ባዶ በርሜል ብናንከባልልበት ዘሩና አፈሩ ተጣበቁ። በመጨረሻ ፍሬ የሌለው ጭድ ግማሹ አፈር እስኪታይ ድረስ ስስ አድርገን ነሰነስንበት፤ ጭዱ ፀሐዩንና የዝናቡን ጠብታ ይሰብራል።

ዘር ተዘራ ማለት ግን ሥራ አለቀ ማለት አይደለም። ጉንዳኖች በማግሥቱ ሰልፍ ይዘው ዘሩን ሲያግዙ አገኘናቸው። ከጉንዳን የባሰችው ዶሮ ናት፤ አንዲት ዶሮ በግማሽ ሰዓት የሳምንት ድካም ትጭራለች። ዙሪያውን በግራር እሾህ አጠርነው፤ ለልጆቹም ወሰን አበጀንላቸው። የቀሩት ዘሮች በዐሥረኛው ቀን፥ ሰኔ 25 ብቅ አሉ፤ እንደ አረንጓዴ ፀጕር የቀጠኑ ነበሩ፤ ጐንበስ ብሎ በአግድም ካልተመለከቱ አይታዩም። የዘገየው እስከ ሦስት ሳምንት ይቈያልና ባልበቀለው ቦታ ላይ ቶሎ ተስፋ መቍረጥ አይገባም።

በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ውሃ በመጠኑ ጥቂት፥ በድግግሞሹ ብዙ ነው። ላይኛው አፈር ከደረቀ የበቀለው በአንድ ቀትር ያልቃል። ዝናብ በቀረ ቀን ጧትና ማታ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ሊትር እንሰጠው ነበር፤ ለመላው ግቢ በአንድ ጊዜ አራት ጀሪካን፥ በቀን ስምንት ጀሪካን ማለት ነው። ያን ሰሞን ዝናቡ ዐምስት ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ከጐረቤት የሚኖሩ አንዲት እማሆይ በበራፋችን ሲያልፉ ልጃችን በማጠጫ ሲያጠጣ አይተው ቆሙ። «ልጆቼ፥ ሰው ጀሪካን ይዞ ሰልፍ በሚቆምበት አገር ሣር ውሃ ይጠጣልን?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። እማሆይ የተናገሩት እውነት ነበር፤ በዚያው ሳምንት በሠፈራችን ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን የሚቆም ሰው አለና።

በዚያ ምሽት በቤታችን ክርክር ተነሣ። አንዳችን ይቅር አልን፤ አንዳችን ደግሞ ዘሩ ከበቀለ በኋላ መተው ይባስ ማባከን ነው አልን። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፤ ከቧንቧ ወይም ከጉድጓድ የተቀዳ ንጹሕ ውሃ ለሣሩ አይሰጥም። እህል የታጠበበት፥ ገላ የታጠበበትና በረኪና ያልነካው የልብስ ማለቅለቂያ ይሰጠዋል፤ ከቆርቆሮው ክዳን የሚወርደው ዝናብም በበርሜል ይጠራቀምለታል፤ በርሜሉ ትንኝ እንዳያራባ በጨርቅ ይሸፈናል። ይህ ለስምንቱ ጀሪካን አልበቃም። ከመላው ግቢ በመንገዱ በኩል ያለው ሲሶ ደረቀ፤ የቀረው ተረፈ። ዛሬም ቢሆን ያ ውሳኔ አይጸጽተንም፤ የደረቀውን ቦታ ሣሩ ራሱ በሐረጉ መጥቶ ሸፍኖታል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የማጠጣቱ ሥርዐት ይለወጣል። ጥቂት ጥቂት መስጠቱ ይቀርና እያራራቁ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች እንዲወርድ ነው። በየቀኑ የሚረጭለት ሣር ሥሩ ከላይ ይቀራል፥ በመጀመሪያው ድርቅም ይሞታል።

በአራተኛው ሳምንት 200 ግራም ዩሪያ፥ ከወር በኋላም ሌላ 200 ግራም ሰጠነው። ቅጠሉ ደረቅ ሳለ በትኖ ወዲያው ዝናብ ወይም ውሃ እንዲያጥበው ማድረግ ይገባል፤ አለዚያ ያቃጥለዋል። ዩሪያ ማብዛት ለሣር ፍቅር የሚገለጽበት መንገድ አይደለም፤ አንዱ ጐረቤታችን ይህን በጥቁር ምልክት ተምሯል።

የመጀመሪያው አጨዳ ፍልሰታ ሲገባ ሆነ። ሣሩ ሰባት ሴንቲ ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር፤ ሲሶውን ብቻ ቈረጥን። ከሲሶ በላይ በአንድ ጊዜ የተቈረጠ ለጋ ሣር ይደነግጣል። ማጭዱ እንደ ምላጭ የተሳለ መሆን አለበት፤ ዱልዱም ማጭድ ቡቃያውን ከነሥሩ ይነቅለዋል። አፈሩም ጠንከር ያለ፥ ቅጠሉም የደረቀ ይሁን። አንዳንድ ሰው ሣሩ ይወፍር ብሎ ሳያጭድ ይተወዋል፤ ሰርዶ ግን ቢቈረጥ ነው በጐኑ የሚሰፋውና መሬቱን የሚሸፍነው። ያልታጨደው ያው የእባብ መጠጊያ ይሆናል። በነገራችን ላይ እባብ የነደፈውን ሰው ማሰርም መብጣትም አይገባም፤ የተነደፈውን እግር ሳያንቀሳቅሱ ሰውየውን አረጋግቶ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

አረሙን ከዝናብ በኋላ በእጅ ነቀልን። በሠፈራችን ቱ ፎር ዲ የተባለው የአረም መድኀኒት ለማሽላ ስለሚረጭ በግቢም ለመርጨት የሚፈተን ሰው አይጠፋም። አዲስ የተዘራ ሣር ሦስት አራት ጊዜ ሳይታጨድ አይችለውም። ከዚህም በላይ መድኀኒቱ በነፋስ ሄዶ የሰውን ጥጥና ሰሊጥ ይመታል፤ ጥጥ በተለይ ከሩቅ የመጣ ሽታው እንኳ ቅጠሉን ያጨማድደዋል። ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢስ መድኀኒቱ ምን ሊያደርግ ነው?

ልጆቹ በሣሩ ላይ እንዲረግጡ የተፈቀደላቸው በቡሄ ዕለት ነው፤ ከተዘራ ስምንት ሳምንት ሞልቶት ነበር። ጐረቤቱ ልጅ ሁሉ መጣ፤ ሲጨፍሩበት አመሹ። በማግሥቱ ሄደን ስናየው ተኝቶ ነበር፤ በሁለት ቀን ቀና አለ።

ከዚያ በጋ መጣ። ለ40 ካሬ ሜትር ለምለም ሣር በሳምንት አንድ ሺሕ ሊትር፥ ማለት 50 ጀሪካን ውሃ ያስፈልጋል፤ ይህን ለመስጠት አቅሙም ድፍረቱም አልነበረንም። ታኅሣሥ ላይ መገርጣት ጀመረ፤ በመጋቢት ፍጹም ገለባ ሆነ። የጠየቁን ሁሉ እንደ ለቅሶ ቤት ያጽናኑን ነበር። ሥሩ የያዘው መሬት ግን እንደ ቀድሞው አልተሰነጠቀም፤ ጥቂት ጠባብ ንቃቃት ብቻ ታየበት፤ የልጁ እግር የሚገባበት አልነበረም። እማሆይም በግንቦት አንድ ቀን ገብተው በምርኩዛቸው ገለባውን ገለጥ አደረጉና፥ «ይህ ሞቷል ብላችሁ ነበር?» አሉን። ከሥሩ አንጓው ላይ ነጭና አረንጓዴ ጫፍ አውጥቶ ነበር፤ ሁለት ቀን ቀድሞ ዝናብ ጥሎ ነበርና።

ሰኔ ላይ እማሆይ ቅርጫት ይዘው መጡ። ዘር መግዛት ሳያስፈልግ ሐረጉን ሁለት ሦስት አንጓ እየያዘ በስንዝር ልክ መቍረጥ፥ በርጥብ አፈር በየሁለት ስንዝሩ ማኖር፥ አንዱን ጫፍ ከላይ ትቶ ሌላውን መቅበር እንደሚበቃ ነገርናቸው። «የምተክለው ከደጄ ነው፤ ውሃ ግን አልሰጠውም» አሉን። ዝናቡ ያጠጣዋል አልናቸው፤ ቅርጫቱንም ሞላንላቸው።